ከቅጠል ቀለም እስከ ዩሪያ፦ የረገፈው ቅጠላችን ታሪክ



አዝመራው ገብቶ በጋው ሲገፋ በየጓሯችን አንድ ነገር እናያለን። የብሳናው ቅጠል ብርቱካንማ ይሆንና አንድ በአንድ ይወርዳል። ዋንዛውም ይረግፋል። ጠዋት ግቢው ይጠረጋል፣ ቅጠሉ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ከዚያ ክብሪት ይጫርበታል። ጭሱ ሰፈሩን ያጥነዋል፤ በማግስቱ የሚቀረው አንድ እፍኝ አመድ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ክምር ነው። "ኮምፖስት አዘጋጁ" የሚለውን ምክር እስኪሰለቻችሁ ሰምታችሁታል። ስለዚህ ምክሩን ለመጨረሻ ላቆየውና መጀመሪያ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የሚነሳው ከህንድ ገበሬዎች ማሳ ነው፤ በጀርመን አገር ፋብሪካ በኩል ያልፋል፤ በየዓመቱ ተሰልፋችሁ የምትገዙት ዩሪያ ጋ ይደርሳል፤ መጨረሻው ግን ተመልሶ የእናንተው ጓሮ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ቀለም ሁሉ ከዕፅዋት ይወጣ በነበረበት ዘመን

ከ170 ዓመት በፊት በዓለም ላይ ይለበስ የነበረው ባለ ቀለም ልብስ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነከረው ከዕፅዋት፣ ከነፍሳትና ከማዕድን በሚገኝ ቀለም ነበር። ቢጫው ከቅጠልና ከአበባ፣ ቡናማው ከቅርፊትና ከቅጠል፣ ቀዩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሥር ይወጣ ነበር። ይሄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ የሥር ቀለም ነው። እሾሃሙ የአበሻ ሱፍም አበባው ቢጫና ቀይ ቀለም ስለሚሰጥ በጥንት ግብፅ ጨርቅ ይነከርበት ነበር። በአውሮፓ ገጠር ደግሞ የዋልነት ዛፍ ቅጠልና የፍሬው ልጣጭ ተቀቅሎ የበግ ፀጉር ቡናማ ይደረግበት ነበር።

ከቀለማት ሁሉ ያስቸገረው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ አበባ ሞልቷል፤ ግን ቀቅላችሁ ጨርቅ ብትነክሩበት ቀለሙ ታጥቦ ይሄዳል። የማይለቀው ሰማያዊ ያለው አበባ ውስጥ ሳይሆን አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው። ያ ቀለም ኢንዲጎ ይባላል።

ኢንዲጎ የሚሰጠው ዋናው ተክል እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ የጥራጥሬ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ከዝርያዎቹ አንዷ ኢንዲጎፌራ አሬክታ ትባላለች፤ አፍሪካ ውስጥ በዱር የምትበቅል ናት፣ እኛም አገር አለች። ይህችው ተክል ከደቡብ አፍሪካ ተወስዳ ጃቫ ደሴት ላይ ተዘራች፤ ከዚያም "የጃቫ ኢንዲጎ" ተብላ ህንድ ገባች። ማን ያውቃል፣ ከብቶቻችሁን ስትጠብቁ ዘመዶቿን ረግጣችኋቸው አልፋችሁ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተክሉ ገና እርጥብ እያለ ይታጨድና ውኃ በሞላበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ግማሽ ቀን ያህል ይብላላል። ከዚያ ውኃው ብቻ ወደ ታችኛው ገንዳ ይለቀቃል። ሠራተኞች ገንዳው ውስጥ ገብተው በእንጨት ይመቱታል። ውኃው አየር ሲያገኝ ቀለሙ እየተቀየረ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ዝቃጩ ከታች ሲቀመጥ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ እንደ ሳሙና እየተቆረጠ ይደርቃል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ቀለሙ ከወጣ በኋላ ገንዳው ውስጥ የቀረው የተብላላ ቅጠልና ግንድ አይጣልም ነበር። ህንዶቹ "ሲት" ይሉታል። ወጥቶ ማሳ ላይ ይበተናል፤ በዚያ አካባቢ የታወቀ ማዳበሪያ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅጠል ሁለት ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ ልብስ ያቀልማል፣ ቀጥሎ አፈር ይመግባል።

ቅጠሉ የገበሬው፣ ትርፉ የሌላው

እዚህ ላይ ግን "ድሮ ሁሉም ጥሩ ነበር" እንዳትሉኝ። በቅጠሉ የከበረው ቅጠሉን ያመረተው ሰው አልነበረም።

በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የቤንጋል ገበሬ ኢንዲጎ እንዲዘራ የሚያስገድዱት የእርሻ ባለሀብቶች ነበሩ። አስቀድመው ብድር ይሰጡታል። ብድሩን ከወሰደ በኋላ ሩዝ ሊዘራበት ያሰበውን መሬት ለኢንዲጎ ይለቃል። የሚከፈለው ዋጋ ዝቅተኛ ስለሆነ ዕዳው አያልቅም፤ ዕዳው ስላላለቀ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመትም ይዘራል። አባት ሲሞት ዕዳው ለልጅ ይተርፋል። በ1859 ገበሬዎቹ "ከእንግዲህ አንዘራም" ብለው ተነሱ። አመፁ እስከ 1860 ቀጠለ፤ መንግሥትም ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን እስከ ማቋቋም ደረሰ። ከዚያ በኋላ የኢንዲጎ እርሻ ክብደቱ ወደ ቢሃር ክፍለ ሀገር ዞረ።

ቢሃር ውስጥ ቻምፓራን በሚባለው አውራጃ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበር፤ ቲንካቲያ ይባላል። ገበሬው ከሚያርሰው መሬት ከ20 እጅ ሦስቱን እጅ የግድ ኢንዲጎ መዝራት አለበት። ምርጫ የለውም። ይህን አስታውሱት፣ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ፋብሪካው ቀለሙን ወሰደ

በ1856 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ የወባ መድኃኒት ኪኒን በላቦራቶሪ ለመሥራት ይሞክር ነበር። ኪኒኑ አልተሳካለትም። ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ግን በአልኮል ሲሟሟ ደማቅ ሐምራዊ ሆነ፤ ሐር ሲነከርበትም አለቀቀም። መነሻው ደግሞ ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ተረፈ ምርት ነበር። ሰው ሠራሽ ቀለም በፋብሪካ መመረት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጀርመኖች ይህን ዕውቀት ይዘው ሮጡ። በ1865 በራይን ወንዝ አካባቢ አንድ ኩባንያ ተቋቋመ። ዛሬ ባስፍ እየተባለ ይጠራል፤ ሙሉ ስሙ "የባደን የአኒሊንና የሶዳ ፋብሪካ" ማለት ነው። አኒሊን ከከሰል ተረፈ ምርት የሚገኝ የቀለም መሥሪያ ነው። ኩባንያው የኢንዲጎን ሰማያዊ በፋብሪካ ለማምረት 18 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ ያህል አፈሰሰ። ብዙ ዓመት ከለፋ በኋላ በ1897 ሰው ሠራሹን ኢንዲጎ ለገበያ አወጣ።

የሆነውን በቁጥር እዩት። በ1897 ከተክል የሚገኘው ኢንዲጎ ወደ 19,000 ቶን ይጠጋ ነበር። በ1914 የቀረው 1,000 ቶን ገደማ ብቻ ነው። በ17 ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ በዚያ ተክል ላይ የቆመ የእርሻ ሥራ ፈረሰ።

ታዲያ ያ በግድ ይዘራ የነበረው የቻምፓራን ገበሬ እፎይ አለ? አላለም። ባለሀብቶቹ ኢንዲጎ እንደማያዋጣ ሲያዩ "ከግዴታው እንልቀቅህ፣ በምትኩ የመሬት ኪራይ እንጨምርብህ" አሉት። ሲዘራም ተጎዳ፣ ሲተውም ተጎዳ። በ1917 ማህተመ ጋንዲ በገበሬዎቹ ጥሪ ወደዚያ አውራጃ ሄደው አቤቱታቸውን አንድ በአንድ አስመዘገቡ። በ1918 በወጣው ሕግ ቲንካቲያ ተሻረ።

ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። የምታመርቱት ነገር ዋጋ የሚወሰነው ሩቅ አገር ሆኖ፣ እጃችሁ ላይ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ ዋጋው ሲወጣም ሲወርድም ጉዳቱ እናንተ ጋ ይመጣል። ለምትሸጡት ብቻ ሳይሆን ለምትገዙትም እንዲሁ ነው።

ያው ፋብሪካ ማዳበሪያውንም ሠራ

አሁን ወደ ዩሪያ እንምጣ። የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ስንዴውም ጤፉም በናይትሮጅን ረሃብ ቢጫ ሆኖ እየቆመ፣ በላዩ ላይ ያለው አየር በናይትሮጅን የተሞላ ነው፤ ግን ተክሉ ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። የጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉት ዕንቡጦች ውስጥ የሚኖሩትን የመሳሰሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው ከአየር ይዘው ለተክል የሚያቀርቡት። ባቄላ ከተዘራበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴው የሚያምረው ለዚህ ነው።

በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት የአየሩን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አገናኝቶ አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል በላቦራቶሪ አሳየ። ይህን በፋብሪካ ደረጃ ያሳካው ካርል ቦሽ ነው። ቦሽ የሚሠራው የት ነበር? እዚያው የኢንዲጎውን ቀለም ያወጣው ባስፍ ውስጥ። በ1913 ከኩባንያው ዋና ፋብሪካ አጠገብ ኦፓው በሚባል ቦታ አሞኒያ በብዛት መመረት ጀመረ። በ1922 ደግሞ እዚያው ኦፓው ከአሞኒያ ዩሪያ ማምረት ተቻለ።

እንግዲህ አስተውሉ። ቅጠል ሁለት ሥራ ነበረው፣ ማቅለምና አፈር መመገብ። አንዱ ኩባንያ በ16 ዓመት ልዩነት ለሁለቱም ምትክ አቀረበ። መጀመሪያ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ማዳበሪያውን።

ይህን ስል ዩሪያን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን በበቀለ ምግብ ነው። የዩሪያ ከረጢት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በሁለቱ ምትኮች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የፋብሪካው ሰማያዊና የቅጠሉ ሰማያዊ አንድ ናቸው፤ ጨርቁ ልዩነቱን አያውቀውም። ዩሪያና ቅጠል ግን አንድ አይደሉም፤ አፈሩ ልዩነቱን ያውቀዋል። ይህን ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ደግሞ እዚያው የኢንዲጎ አገር ውስጥ ይሠራ ነበር።

ገበሬውን መምህሬ ያለው ባለሙያ

አልበርት ሃዋርድ በእንግሊዝ አገር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። በ1905 ቢሃር ውስጥ ፑሳ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ። ባለቤቱ ገብርኤላም ተመራማሪ ነበረች፤ አብረው ይሠሩ ነበር። አካባቢው የኢንዲጎ አገር ስለሆነ የጃቫ ኢንዲጎ እየጠወለገ ማሳ ላይ ሲደርቅ እነሱም አጠኑት። ያገኙት ነገር ለብዙዎቻችን ትምህርት ይሆናል። ዋናው ችግር ሥሩ ላይ ነበር። በዝናብ ወቅት አፈሩ ውኃ ቋጥሮ ስለሚታፈን፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮችና ናይትሮጅን የሚይዙት ዕንቡጦች አየር አጥተው ይሞታሉ። ቅጠሉ የሚጠወልገው አፈሩ ስለታመመ ነው።

ሃዋርድ ከዚህ በኋላ ዓይኑን አፈር ላይ ተከለ። የሚያምርባቸውን የአካባቢው ገበሬዎች ማሳዎች እየዞረ አየ፤ ገበሬዎቹንና ተባዮቹን መምህሮቼ ናቸው ይል ነበር። አንድ ነገር ግን አሳሰበው። የህንድ ገበሬ እንደ እኛው ከከብቱ እበት ብዙውን ኩበት አድርጎ ያነደዋል። ማገዶ የለውማ! ታዲያ የተረፈችውን ትንሽ እበት እንዴት ለሰፊ ማሳ ማብቃቃት ይቻላል?

በ1924 ኢንዶር ወደሚባል ከተማ ተዛወረና መልሱን እዚያ አገኘ። የረገፈ ቅጠል፣ አገዳ፣ ገለባና አረም ሰብስቦ ከትንሽ እበት፣ የከብት ሽንት ከጠጣ አፈርና ከአመድ ጋር እየደራረበ ከመረው። ክምሩን ሦስት ጊዜ አገላበጠው። በ90 ቀን ገደማ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ የዝናብ መሬት ሽታ ያለው ማዳበሪያ ወጣ። ሦስት እጅ ቅጠልና ገለባ፣ አንድ እጅ እበት ይበቃዋል። በእርሾ ሊጥ እንደሚቦካ ሁሉ በትንሽ እበት ብዙ ቅጠል ይብላላል። የኢንዶር ዘዴ የሚባለው ይህ ነው፤ በ1931 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች ዛሬ የሚያስተምሯችሁ የኮምፖስት አሠራር የዚህ ዘመድ ነው። ሥሩን ከተከተልነው ደግሞ ዕውቀቱ ከገበሬ ማሳ የተነሳ ነው።

ቅጠሉ ለምን ቢጫ ይሆናል?

ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር በናይትሮጅን የበለጸገ ነው። ዛፉ ይህን ያፈርስና ናይትሮጅኑን ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ቡቃያ ያስቀምጠዋል። አረንጓዴው ሲሄድ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫና ብርቱካንማ ይገለጣል። የብሳናው ቅጠል ሲያምርባችሁ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሊጥለው እየተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ልክ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን አውጥቶ ባዶ ቤት እንደሚተወው።

ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ። የደረቀ ቅጠል ብቻውን የዩሪያ ምትክ አይሆንም። እንዲያውም ደረቁን ቅጠል በቀጥታ ከአፈር ጋር ብታርሱት የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሮጅን ፍለጋ የአፈሩን ይሻማሉ፤ ሰብሉ ለጊዜው ይገረጣል። ሃዋርድ ከእበትና ከሽንት ጋር የደባለቀው ለዚህ ነበር።

ታዲያ ቅጠሉ ምን ይጠቅማል? ዩሪያ የሌለውን ነገር ይይዛል። የአፈር ሥጋ ነው። እርጥበት ይይዛል፣ አፈሩን ያላላል፣ ለትል ቀለብ ይሆናል፣ የገዛችሁት ማዳበሪያ በጎርፍ ታጥቦ እንዳይሄድ ያቆየዋል። ሥጋው ባለቀ አፈር ላይ ዩሪያ መጨመር ወንፊት ውስጥ ውኃ እንደ ማፍሰስ ነው።

ዛፍ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በኦሮምኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለውን የግራር ወገን እዩት። ሌላው ዛፍ በበጋ ሲራቆት እሱ ለምልሞ ይከርማል፤ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ቅጠሉን ያራግፋል። ለሰብሉ ጥላ አይሆንበትም፤ ናይትሮጅን የሚይዝ ወገን ስለሆነም ቅጠሉ መሬቱን ያበለጽጋል። አባቶቻችን ማሳ መሀል ትተውት የሚያርሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ጋስ ምን ሆነ?

በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ባሕር ዛፍ አገራችን ገባ። የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግር ያቃለለ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ብዙ ቦታ በነባሮቹ ዛፎች ምትክ ሲተከል ጓሯችን የሚረግፈውም ቅጠል ተቀየረ። እንደ ብሳናና እንደ ዋንዛ ቶሎ የማይበሰብስ፣ አጠገቡ ያለውንም ቡቃያ የሚያዳክም ቅጠል መጣ። እንጨት በጠፋበት አገር ደግሞ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ።

በ1967 በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ በስዊድን እርዳታ ተቋቋመ። ለአነስተኛ ገበሬዎች ምርጥ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ በስፋት ማቅረብ ከተጀመረባቸው ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ነው። ምርት ጨመረ፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ዳፕና ዩሪያ የገበሬው የዕለት ቋንቋ ሆኑ። ግን ከረጢቱ ከውጭ በዶላር እየተገዛ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ ጦርነት ሲነሳ፣ መርከብ ሲዘገይ ጦሱ እናንተ ማሳ ላይ ያርፋል። የቻምፓራኑን ገበሬ አስታወሳችሁት?

በ1996 በትግራይ የተጀመረ ሥራም አለ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የነበሩበት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮና ከአካባቢው አርሶ አደሮች ጋር ሆኖ ኮምፖስት በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ አስሞከረ። ኮምፖስት ያገኙት ማሳዎች ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኙት ጋር እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ ምርት ሰጡ። ጥቅሙ በሚቀጥለውም ዓመት አፈሩ ውስጥ ይቆያል።

እንግዲህ ወደ ጓሯችሁ

ክብሪቱን ከመጫራችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ።

1. ከታኅሣሥ እስከ ጥር የሚረግፈውን ቅጠል ከግቢና ከመንገድ ዳር ሰብስቡ። ከዱርና ከቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር፣ ከቡና ሥርም አትጥረጉ፤ የእነሱ ቀለብ ነው።

2. በጋ ስለሆነ እርጥበት እንዳይሄድ ጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ ስንዝር ያህል ቅጠልና ገለባ፣ በላዩ አረንጓዴ አረም ወይም ሳር፣ በላዩ ስስ የእበት ንጣፍ፣ ከዚያ አፈርና አመድ ነስነስ አድርጉ። እየደጋገማችሁ ደርቡ። ሦስት እጅ ቅጠል፣ አንድ እጅ እበት የሚለውን ያዙ። የበረት ሽንት ካገኛችሁ ወርቅ ነው።

3. ሳሙና የሌለው የዕቃ እጣቢ ሳይቀር አርከፍክፉበት። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት እጃችሁን ካረጠበና ውኃ ካላንጠባጠበ ልኩ ነው። ከላይ በገለባ ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኑት።

4. በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ አገላብጡ። በሦስት፣ በአራት ወር ይደርሳል። በጥር የጀመራችሁት ለሚያዝያና ለግንቦት ዘር ይደርስላችኋል።

5. በሽታ የመታውን የድንችና የቲማቲም ቅጠል አትጨምሩ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ከገባ ጥቂት ይሁን።

የትኛው ቅጠል ቶሎ እንደሚበሰብስ ለማወቅ ደግሞ የቀለም ሠሪዎቹ ዕውቀት ይረዳናል። አንድ እፍኝ ቅጠል በቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና አሳድሩት። ጠዋት ውኃው እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ቅጠሉ ቆዳ የሚያለፋው ዓይነት ንጥረ ነገር በዝቶበታል። ያ ንጥረ ነገር ጨርቅ ያቀልማል፣ መበስበስን ግን ያዘገያል። ስለዚህ ጥሩ ቀለም የሚሰጥ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚበሰብስ ነው። እንዲህ ያለውን ከትፋችሁ፣ እበት ጨመር አድርጋችሁ፣ ጊዜ ስጡት።

ስፌት የምትሰፉ እናቶችና እህቶች ደግሞ ቀለሙን ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የሽንኩርት ልጣጭ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅላችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ውኃ ለማጥራት የሚያገለግለውን ሸብ ትንሽ ጨምራችሁ አክርማ ወይም የጥጥ ክር ንከሩበት። ከቢጫ እስከ ቡናማ ያለውን ቀለም ታገኛላችሁ። ምግብ በምትሠሩበት ድስት አትቀቅሉ፤ የማታውቁትን ቅጠልም አትንኩ። በዚህ ሀብታም ትሆናላችሁ ብዬ አልሸነግላችሁም፤ የኢንዲጎን ታሪክ አሁን አውርተን ጨረስን እኮ። ግን ለራሳችሁ መሶብ የሚሆን ቀለም ሳትገዙ ታገኛላችሁ። የተቀቀለውን ቅጠል ምን ታደርጉታላችሁ? ወደ ክምሩ። ህንዶቹ "ሲት" ያሉት ይኸው ነው።

ውድ አርሶ አደሮች፣ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ፋብሪካው የቅጠልን ቀለም በአብዛኛው ተክቶታል፤ አፈር የመሥራት ሥራውን ግን እስከ ዛሬ መተካት አልቻለም። ያ ሥራ አሁንም በቅጠሉ እጅ ነው፣ ቅጠሉ ደግሞ በእናንተ እጅ። ዩሪያችሁን ግዙ፣ በልኩ ተጠቀሙ። ነገር ግን ዋጋውን ሌላ ሰው የማይወስንባችሁ፣ ወረፋ የሌለው፣ መርከብ የማይጠብቅ ማዳበሪያ ደጃችሁ ላይ እየረገፈ ነውና አታቃጥሉት።

ክምራችሁን ስትጀምሩ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ድጋሚ አንሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አብረን እናየዋለን።

መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ።